ለሁለት ሰው የቀረበ ዋጋ

አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ
ኅዳር 19 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ፤

እንደምን ሰንብተሃል? ጤናህስ፣ ሥራህስ እንዴት ነው? እዚያ በሰው አገር ሱቃችሁ አካባቢ ረብሻ ተነሥቷል ሲሉ ሰምቼ ስልክህ እስኪከፈት ድረስ ሦስት ቀን እህል አልወረደልኝም። ባለቤትህና ሕፃኗ ደህና ናቸው? ጥርስ አወጣች ብለኸኝ ነበር፤ እግዚአብሔር ያሳድግልህ። እኛ እንደ ቸርነቱ አለን። አጎታችን ካሱን ደም ግፊቱ ትንሽ አስቸግሮት ነበር፤ አሁን መድኃኒቱን በሰዓቱ ይወስዳል። ከጨንቻ በኩል የወረደው ጎርፍ የታችኛውን የሙዝ ማሳ ጠርጎ ወስዶታል፣ ቤቱ ግን አልተነካም። እኔም ወደ ትምህርት ቤት ተመልሻለሁ፤ ዘንድሮ የዘጠነኛ ክፍል ሒሳብ ሰጥተውኛል።

ስልክ እያለ ለምን በወረቀት ጻፈችልኝ ትል ይሆናል። ባለፈው እሑድ የላክኸውን የድምፅ መልእክት ደጋግሜ ሰማሁት። «እታለም፣ አባባ አልጋው ላይ እንዴት ነበሩ? እንቅልፍ ወሰዳቸው? ምን አሉ? እስከ ዛሬ አልጠየቅኩሽም» ብለሃል። ልመልስልህ ሦስት ጊዜ መቅዳት ጀመርኩ፣ ሦስቱንም አጠፋሁት። በድምፅ ከነገርኩህ ልቅሶዬን ሰምተህ ታዝንልኛለህ፤ ይህን ነገር ደግሞ ሳታዝንልኝ እንድትሰማው እፈልጋለሁ። የጎረቤታችን የወይዘሮ ዓለሚቱ ልጅ ዘካሪያስ ሐሙስ ወደ እናንተ ስለሚነሣ በእሱ እጅ ልኬልሃለሁ። አሽጌዋለሁ።

አባባ በአልጋ አልመጡም።

የምታውቀውን ብደግምልህ አትቆጣኝ፤ ከሥሩ ካልጀመርኩ አልጨርሰውም። ሠላሳ አንድ ዓመት ግሬደር ላይ ተቀምጠው መንገድ የጠረጉ ሰው ወገባቸውን ቢያማቸው ማን ይደነቃል? እኛም ወንበሩ ነው ስንል፣ እሳቸውም ወንበሩ ነው ሲሉ ሁለት ዓመት ሄደ። በመጨረሻ ለሕክምና ይዣቸው ስሄድ ባንኮክ ያሉት ሐኪሞች በሳምንት ውስጥ አጥንታቸው ውስጥ የተሰራጨውን አገኙት። አርባ ሦስት ቀን ሞከሩ። ከዚያ ዋናው ሐኪም ጠርቶ ሁለት ነገር ነገረኝ። አንደኛው፣ አገራቸው መግባት ከፈለጉ በዚህ ሳምንት ይግቡ የሚል ነበር። ሁለተኛው ደግሞ፣ አውሮፕላን ላይ ዘጠኝ ሰዓት ሙሉ መቀመጥ ለእሳቸው ስቃይ እንደሚሆን። በቃሬዛ እንውሰዳቸው እንዳልል የብዙ ሰው ወንበር መግዛት ያስፈልጋል ተባለ፤ እሱ የማይሞከር ነበር።

ሆስፒታሉ ለሐበሻ ታካሚዎች የቀጠራት አስተርጓሚ ነበረች፣ ሰሊሆም የምትባል የአዲስ አበባ ልጅ። ትኬታችንን ልታይልኝ ስልኬን ስትከፍት የአየር መንገዱን መልእክት ያገኘችው እሷ ናት። ቢዝነስ ክላስ ውስጥ ያልተሸጠ ቦታ ካለ፣ ዋጋ አቅርቡ፣ የተሻለ ያቀረበ ይገባል ይላል። እዚያ ወንበሩ ተዘርግቶ አልጋ ይሆናል አለችኝ። ለአባባ ስነግራቸው «ጨረታ ነው በይኛ» አሉ። መሥሪያ ቤታቸው አሮጌ ማሽን ሲሸጥ ስላዩ ወዲያው ገባቸው። «በታሸገ ኤንቨሎፕ ነው ወይስ በግልጽ?» ብለው ጠየቁኝ። እንደ ታሸገ ነው አልኳቸው። «እንግዲያው ሌላው ስንት እንዳስገባ አታውቂም። በታሸገ ሲሆን መሰሰት አያዋጣም» አሉኝና ወደ ግድግዳው ዞሩ።

ከዚያ ለአንተ ደወልኩ። በሁለት ቀን ላክህ። ከየት እንዳመጣኸው አልነገርከኝም፤ የሱቁን ፍሪጆች እንደሸጥክ በኋላ ከባለቤትህ ሰማሁ። «አባባ ተኝተው ይግቡ እንጂ ሌላ ምንም አልፈልግም» ነበር ያልከኝ።

አሁን የምነግርህን ቀስ ብለህ አንብበው።

ዋጋው የሚቀርበው በስልክ ላይ በጣት በሚገፋ መስመር ነው። ወደ ግራ ሲሆን ቀይ ነው፣ መሃሉ ብጫ፣ ቀኙ አረንጓዴ። ቀይ ላይ ከሆንክ ዕድልህ ደካማ ነው፣ አረንጓዴ ላይ ከሆንክ ጠንካራ ነው ይልሃል። ሰሊሆም በራሷ ካርድ ልትከፍልልን የላክኸውን ገንዘብ ተቀብላኝ ነበር። አባባ አልጋ አጠገብ ቆመን መስመሩን ገፋችው፣ የላክኸው ሁሉ ገብቶ ቀዩ ላይ ቀረ። «ሁለታችሁ በአንድ ትኬት ስለተመዘገባችሁ ዋጋው የሚቆጠረው ለሁለት ሰው ነው» አለችኝ። «ደውዬ ላስለያችሁ። ለአባባ ብቻ ከሆነ ይኸው ገንዘብ አረንጓዴው ጫፍ ይደርሳል፣ በእርግጠኝነት ያገኙታል።»

ብቻቸውን አይሆኑም አልኳት። «አስተናጋጆች አሉ፣ አንቺም በየጊዜው እየተነሣሽ ታዪያቸዋለሽ» አለችኝ። ቋንቋ አይችሉም፣ ቢጠማቸው ማን ይሰማቸዋል አልኳት። «አስተናጋጆቹ እኮ ሐበሾች ናቸው» አለችኝ። እኔ ግን አይሆንም አልኩ። ድምፄን ከፍ ሳላደርግ አልቀረሁም፤ ልጅቷም ዋጋውን ለሁለት ሰው አድርጋ ላከችው።

ወንድሜ፣ ሰው ቢጠይቀኝ ለአባባ ፈርቼ ነው ልል እችላለሁ፤ ሲያዩትም ያምራል። ግን መልእክቱ ላይ ሥዕል ነበረበት። አንዲት ሴት በነጭ አንሶላ ላይ ተኝታለች፣ አንድ እጇ ከብርድ ልብሱ ውጭ ወድቋል፣ ጫማዋን አውልቃለች። አርባ ሦስት ቀን ጎኔን ያሳረፍኩት የፕላስቲክ ወንበር ላይ ነበር። እግሬ አብጦ ጫማ አልገባ ብሎኝ በነጠላ ጫማ ነበር የምሄደው። ሰሊሆም እያስረዳችኝ ሳለ እኔ የማየው መስመሩን አልነበረም፣ ያቺን ሴት ነበር።

ከመነሣታችን በፊት ባለው ቀን መልስ መጣ፤ ያቀረብነው ዋጋ ተቀባይነት አላገኘም። ያልተቀበሉትን ስለማያስከፍሉ ሰሊሆም ገንዘቡን መለሰችልኝ። የአስከሬን ሳጥኑና ከአዲስ አበባ ያመጣን መኪና የተከፈለው በእሱ ነው። ለአንተ መደወል ነበረብኝ፤ አልደወልኩም።

ለአባባ አልነገርኳቸውም ነበር። ጠዋት በዊልቸር አስገቡን፤ መግቢያው በፊተኛው ክፍል በኩል ነው። አልጋ የሚሆኑት ወንበሮች ጋ ስንደርስ የሚገፋቸውን ሰው በእጃቸው አስቆሙት። መዳፋቸውን ትራሱ ላይ አሳርፈው «እዚህ ነው?» አሉኝ። ትንሽ ወደ ውስጥ ነው አባባ አልኳቸው። መጋረጃውን አልፈን፣ ብዙ ረድፍ አልፈን፣ ቦታችን ላይ አንሥተው አስቀመጧቸው። ከፊታቸው ያለውን ወንበር ጀርባ ሲያዩ ቆዩ። «ጨረታው ሄደብን?» አሉኝ። ሄደብን አልኳቸው። «ስንት አስገባሽ?» አሉኝ። የላከውን ሁሉ አልኳቸው። እውነት ነው፣ ሳንቲም አላስቀረሁም። ለስንት ሰው እንዳስገባሁት አልጠየቁኝም።

ቆይተው ደግሞ «ለልጁ ተኝቶ ነው የመጣው በይው፤ ልፋቴ ከንቱ ቀረ ብሎ እንዳይቆጨው» አሉኝ። እሺ አልኳቸው። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ ስጽፍልህ ትእዛዛቸውንም እያፈረስኩ ነው።

ሁለት ሰዓት ያህል ቻሉት። ከዚያ ላብ ያጠምቃቸው ጀመር። ሕመም ሲጠናባቸው አማርኛውን እንደሚተዉት ታውቃለህ፤ በጋሞኛ እናታቸውን መጥራት ጀመሩ። ከሐኪሙ የተሰጠኝን ማስታገሻ ሰጠኋቸው፣ አልያዘላቸውም። ተነሥቼ አስተናጋጇን ለመንኳት። መጋረጃውን ገልጣ አሳየችኝ፣ አንድም ባዶ የለም። የተኙትን አየኋቸው። ከመካከላቸው አንዱ ከእኛ የበለጠ ዋጋ ያቀረበ ነው ብዬ አሰብኩ። አልፈረድኩበትም። እሱ ለራሱ ነው ያስገባው፣ የሌላ ሰው ስም አልጨመረበትም።

ከጎናችን ዳር ላይ የተቀመጠ ባዘዘው የሚባል የጎንደር ሰው ነበር፣ ዕቃ ጭኖ የሚመለስ ነጋዴ። ምንም ሳልጠይቀው ተነሣና የወንበሩን ክንድ ወደ ላይ አጠፈው። «ያስተኟቸው፣ እኔ እስካሁን ተቀምጫለሁ» አለኝ። አስተናጋጇ ከኋላ ማረፊያ ሰጠችው፤ ከዚያ በኋላ አልተመለሰም። እኔና አስተናጋጇ ደግፈን አስተኛናቸው፤ ጉልበታቸው ታጥፎ፣ ራሳቸው እኔ ጭን ላይ ሆኖ። ትንሽ ቀለል አላቸው። ምሳ ሲመጣ ሁለት ማንኪያ ሾርባ ቀመሱልኝ። የቤታችን የበቆሎ ኩርኩፋ ነው የናፈቀኝ አሉ። ቤት ስንደርስ እሠራልዎታለሁ አልኳቸው። ስለ አንተ አነሡ። የመጀመሪያ ሥራህን ስትጀምር የገዛህላቸው ሸሚዝ ሰፊ እንደነበረና ቅር እንዳይልህ አስጠብበው እንደለበሱት ነገሩኝ፤ እስከ ዛሬ አላወቅሁም ነበር። ለቀስተኛው ምን አሉ ብሎ ሲጠይቀኝ የተናገርኩትን ዓይነት ምርቃት ግን አልመረቁም። እሱን እኔ ነኝ የፈጠርኩት።

ምሳው ከተነሣ በኋላ የመስኮቱን መሸፈኛ ሁሉ ዘጉት፤ በጠራራ ፀሐይ ውስጡ ጨለመ። ሰው ሁሉ አሸለበ። አባባ ዓይናቸውን ሳይገልጡ «ተኝተሻል?» አሉኝ። አልተኛሁም፣ አለሁ አልኳቸው። «ጎንሽ ካረፈ ስንት ቀን ሆነው፤ አውቃለሁ እኮ ልጄ። ተኚ በቃ» አሉኝ።

ተኛሁ። በዕድሜዬ እንደዚያ ተኝቼ አላውቅም። ሕልም እንኳ አላየሁም።

የነቃሁት አስተናጋጇ ትከሻዬን ስትነካኝ ነው። ልናርፍ ስለሆነ ቀና ይበሉ አለችኝ። እንቅልፍ ወስዷቸዋል፣ ተያቸው አልኳት። ጎንበስ ብላ የእጃቸውን አንጓ ያዘች። ረጅም ጊዜ ያዘችው። እኔ መብራቱን ነበር የማየው። «ከመቼ ጀምሮ ነው የተኛሽው?» አለችኝ። ምሳ ከተነሣ ጀምሮ አልኳት። ብርድ ልብሱን እስከ ደረታቸው ሳበችላቸው፣ ቀበቶውን ራሷ በላያቸው አሠረችላቸው። ከዚያ የባዘዘው ወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጣ አንድ እጇን እኔ ላይ አድርጋ እስክናርፍ ድረስ ቆየች። ቦሌ እንደደረሱ ዐረፉ ብዬ የነገርኩህ፣ የኤርፖርቱ ሐኪም ወረቀቱ ላይ የጻፈውን ሰዓት ነው።

ድንኳን ውስጥ ካሱ ስልክህን ለሁሉም እንዲሰማ አድርጎ ይዞት ነበር። «አባታችን እንደ ጌታ ሰው ተኝተው ነው አገራቸው የገቡት» አልክ። ሽማግሌዎቹ ልጅ ማለት እንዲህ ነው አሉ። ከዶርዜ የወረዱት የአባባ እህት ጉልበቴን ይዘው አንቺም ተባረኪ፣ አሳርፈሽ አመጣሽልን አሉኝ። አሜን አልኳቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የመጣው ሁሉ እንዲህ ይለኛል፣ እኔም አሜን እላለሁ። ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ለንስሐ አባቴ ልናገር ሁለት ጊዜ ተነሥቼ ከበር ተመልሻለሁ። መጀመሪያ መስማት ያለበት አንተ ነህ መሰለኝ።

ይቅር በለኝ ብዬ አልጽፍልህም፤ ይቅርታው የአባባ ነው፣ አንተ ያልያዝከውን ከአንተ መጠየቅ ይሆናል። ለካሱ ብትነግረው መብትህ ነው። እንዲያው ጊዜ ስላገኘህ ብቻ አትደውልልኝ፤ አስበህበት ደውል። ከደወልክ እንደ ወትሮው አነሣዋለሁ፣ ስለ ሕፃኗ እጠይቅሃለሁ። ካልደወልክም ዘካሪያስ በደህና ደርሷል፣ ደብዳቤዬንም አንብበኸዋል ማለት ነው።

እግዚአብሔር ከክፉ ሰው ዓይን፣ ከዘራፊ ጥይት ይሰውርህ። የሸጥከውን በእጥፍ ይተካልህ። ባለቤትህን ሰላም በልልኝ። ልጅህ አድጋ ጧሪህ ትሁን፤ ስትጦርህም አይድከማት።

ታላቅ እህትህ