በጎን የማውቃት

ሐምሌ 3 ቀን 1976

የጎረቤቴን የእትዬ ብርቅነሽን ፊት ጨረስኩ።

ፈትላቸውን ሳያስቀምጡ ነው የተቀመጡልኝ። እንዝርቱ ሲሾር ፊታቸው ይነቃነቃል። አንድም ቀን ዝም ብለው አልዋሉም። ዛሬ አቡጀዲውን አዙሬ አሳየኋቸው።

«እኔ ነኝ ይሄ? አፍንጫዬን ምን አስረዘመው?»

«የራስዎ አፍንጫ ነው፣ እትዬ።»

«ሟቹ ባሌ እንኳ እንዲህ አላየኝም።»

ከፊታቸው በጎን የሣልኩትን ጺማም ጠየቁኝ። ግሪክ ነው፣ ፈላስፋ፣ ሴት ሳያልቅ የቀረ ወንድ ናት ብሎ ያስተማረ፣ አልኳቸው።

«እናት አልነበረችውም?»

«ነበረችው እንጂ።»

«እንግዲያ ሳያልቅ የወጣው እሱ ነዋ!»

ይህን ሠርካዲስ ብትሰማው…

ሐምሌ 5

ዝናብ። ለቀበሌው መፈክር ስጽፍ ዋልኩ። እጄ ቀይ ሆኖ ቀረ።

ሠርካዲስ እዚሁ ግቢ፣ ከኔ ቀጥሎ ያለው ክፍል ውስጥ ነበረች። አስተማሪ። ፍልስፍና ያጠናች። ማታ ማታ የእንግሊዝኛ መጽሐፎቿን ይዛ ትመጣለች። እኔ ቀለም እበጠብጣለሁ፣ እሷ እያነበበች በአማርኛ ትመልስልኛለች። «ይሄን ስሚ፣ ሙልዬ! ጀርመኑ ደግሞ ሴት እስክትሞት ድረስ ትልቅ ሕፃን ናት ይላል።» እስክታለቅስ ትስቃለች። እኔ አልስቅም ነበር። አባቴ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ነበር። ጀርመንኛ አያውቅም፤ ያንኑ ግን ይለኝ ነበር። «ሴት ቀለም ትበጥብጥ። ፊት አትሣል።»

ፊት አሣሣል ለወንድሜ ሲያስተምር ነው ሰርቄ ያየሁት። ጻድቅ ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይን። ከሃዲና ሰይጣን በጎን፣ በአንድ ዓይን።

ይህን ስነግራት መጽሐፉን ዘጋችው። «በቃ፣ መልሳቸው ይሄ ነው። እነሱን በጎን አድርጊያቸው። ከየፊታቸው አንዳንድ የጉለሌ ሴት አቁሚልኝ። በሁለት ዓይን።»

ጀመርኩ። ከዚያ እሷን ፍቼ መደቧት። ሁለት ዓመት ሆነ።

ሐምሌ 9

የመጨረሻውን አቡጀዲ ወጠርኩ። ጀርመኑ አልቋል። ከፊቱ የምትቆመው እሷ ናት። ነጠላው መጣልኝ። መጽሐፍ የያዘው እጅ መጣልኝ፤ ጥፍሯን በጥርሷ የምትበላው ነገር ሳይቀር። ፊቷ ግን…

ሐምሌ 10

አሁንም።

ሐምሌ 14

ገባኝ።

የሚመጣልኝ በጎኗ ብቻ ነው። የግራ ጉንጯ፣ ጆሮዋ፣ ስታነብ ወደ ታች ያለች አንድ ዓይን። ሦስት ዓመት ከጎኔ ተቀምጣ አነበበችልኝ። እኔ ቀለሜን፣ እሷ መጽሐፏን። ቀና ብዬ አይቻት አላውቅም ማለት ነው? እንዴት ይሆናል? የሄደች ቀንስ? የሄደች ቀን ሻንጣዋን ታክሲው ላይ አስር ነበር። ገመዱን አስታውሳለሁ። ቋጠሮውን ሳይቀር። «ደህና ሁኚ፣ ሙልዬ» ስትል ገመዱን እያየሁ ነው «ደህና ሁኚ» ያልኩት።

እትዬ ብርቅነሽን ጠየቅኩ። «ሠርካዲስ? ዓይኗ ተለቅ ያለ ነው» አሉኝ። ቆይተው ደግሞ፣ «አይ፣ ትንሽ ነው መሰለኝ። ግን ሲያይሽ ያይሻል።»

ሲያይሽ ያይሻል። እኔን አይቶኝ ይሆናል። እኔ ነኝ ያላየሁት።

ሐምሌ 16

የይለፍ ወረቀት ልጠይቅ ቀበሌ ሄድኩ። ሊቀመንበሩ ጓድ አድነው ብዕሩን አንስቶ ጠበቀኝ።

«ፍቼ ማን አለሽ?»

«ጓደኛዬ።»

«ሞተች?»

«አልሞተችም።»

«ታመመች?»

«እኔ እንጃ። አልታመመችም።»

«ልትዳር ነው?»

«አይደለም።»

«ታዲያ ምን ብዬ ልጻፍ?»

«ፊቷን ልታይ ብለህ ጻፍ።»

ሳቀ። ከጎኑ የተቀመጠው ጸሐፊም ሳቀ። ብዕሩን ኪሱ ከተተው።

አገሩ ሁሉ ጓድ ነው። ጓደኛ ግን ለመንገድ ምክንያት አይሆንም። ፍቼ የሦስት ሰዓት መንገድ ነው።

ሐምሌ 22

ሥዕሎቹ ለአሥረኛው የአብዮት በዓል በአዳራሹ የሴቶች ማዕዘን ይሰቀላሉ ተብሎ ነበር። ጓድ አድነው ሊያያቸው መጣ። እጁን ወደኋላ አጣምሮ በየተራ አያቸው። የእትዬ ብርቅነሽ ሥዕል ዘንድ ሲደርስ ቆመ።

«ይህን ሰው አውቀዋለሁ።»

«አታውቀውም፣ ጓድ ሊቀመንበር። ግሪክ ነው። ከክርስቶስ በፊት የሞተ።»

«በዚህ ጺም?»

«ጺም የአንድ ሰው ብቻ ነው እንዴ?»

«በዚህ ጺም፣ በዚህ አኳኋን፣ በጎኑ! አዳራሹ ውስጥ ሦስቱም እንዲህ አይደሉም? የሣልሻቸው አንቺ አይደለሽም?»

እኔ ነኝ። የኮሙኒዝምን ሦስት መምህራን ከላይ ከመጣው ሥዕል ነው የገለበጥኳቸው። አባቴ ቢያያቸው ምን ይል እንደነበር እስከዛሬ አላሰብኩም። ምን ልበል? እትዬ ብርቅነሽ ከበሩ ላይ ቀደሙኝ።

«አዳራሹ ውስጥ ያሉት ናቸው? እኔስ በጎናቸው፣ ባንድ ዓይናቸው ሳያቸው ሰይጣናት መስለውኝ ለስብሰባ በገባሁ ቁጥር አማትባለሁ!»

ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ይሰማል። ጓድ አድነው ዞር ብሎ በበሩ በኩል ውጭውን አየ።

«እማማ፣ ይህን ሌላ ቦታ እንዳይደግሙት።»

«ምን አልኩ?»

«ምንም አላሉም። ምንም አላሉም።»

እኔን ወደ ጥግ ወሰደኝ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ፈርቷል። ጺማሞቹ በሙሉ በነጭ ቀለም ይሸፈኑ። ሴቶቹ ብቻ ይቅሩ። ፊት የሌላትን ሠርካዲስን አየ።

«ይቺንስ ለምን አትጨርሻትም?»

«ፊቷን እየፈለግኩ ነው።»

«ፖስተሩ ላይ ካለችው ገልብጪ። ባንዲራ ከያዘችው፣ ወጣቷ። ቆንጆ ናት።»

«እሷ ሌላ ሰው ናት።»

«ማንም ትሁን፤ ሴት ሴት ናት። ጨርሻትና ይለፍሽን በማግሥቱ እፈርማለሁ።»

ሐምሌ 23

መፈክር አልጻፍኩም። ፖስተሩን ግድግዳ ላይ ለጠፍኩት፣ አየሁት። ቆንጆ ናት፣ እውነቱን ነው። በግማሽ ቀን የሚያልቅ ፊት ነው።

ጺማሞቹ ይሸፈኑ፣ ግድ የለኝም። ሠርካዲስ ራሷ ትስቅበት ነበር። ወረቀቱን አገኛለሁ፣ እሄዳለሁ፣ አያታለሁ። ምን ይጎድላል? ተመልሼ ላርመው እችላለሁ። በዓሉ ሲያልፍ።

እችላለሁ?… «ሥዕሌን ጨረስሽው?» ብትለኝስ? «አዎ፣ የሌላ ሰው ፊት ሰጥቼሽ መጣሁ» እላታለሁ? ሴት ሴት ናት። ይህንን ግሪኩም አላሰበው፤ እሱ እንኳ ለማስረዳት ደክሟል።

ብሩሹን በእርሳስ እስከነደፍኩት ባዶ ፊቷ ድረስ አነሳሁት። መልሼ አስቀመጥኩት።

ሐምሌ 25

መርካቶ። ጓድ አድነው ነጭ ቀለም አምጪ ብሎ ልኮኛል። ባለሱቁ ደበላ ከመጋዘን ሊያወጣ ሄዷል። ባንኮኒው ላይ ተደግፌ እጽፋለሁ። ሚስቱ በትርፍ ወንበሯ ተቀመጪ አለችኝ፣ አልተቀመጥኩም።

አውቶቡስ ተራው ከዚህ ይሰማል። ረዳቱ «ፍቼ! ፍቼ! አንድ ሰው የጎደለው!» ይላል። መጀመሪያ አልሰማሁም ብዬ ጻፍኩ፤ ሰረዝኩት። ከገባሁ ጀምሮ እየሰማሁት ነው።

ይለፍ የለኝም። ጫንጮ ኬላ ላይ ያወርዱኝ ይሆናል። ያውርዱኝ። ከጫንጮ ወዲያ መንገዱ አንድ ነው፤ ሰው በእግሩም ይሄደዋል ይባላል። ፍቼ ስደርስ ማንን እጠይቃለሁ? ትምህርት ቤቱን። ከዚያ በር ላይ እቆማለሁ። ስትወጣ ቀና እላለሁ። ምን እንደምላት አላውቅም።

ባዶ ጣሳዬን ባንኮኒው ላይ ትቼዋለሁ። የቀበሌውን ገንዘብ ሥሩ አድርጌያለሁ። የደበላ ሚስት «የት ነው? ቀለሙ እየመጣ ነው እኮ» አለችኝ።

«መጣሁ» አልኳት።

ወጣሁ።