ትተህ ሂድ፣ ይጠሩሃል

ህዳር 8
መብራት ከጠዋት ጀምሮ የለም። የቢሮው ጄኔሬተርም ተበላሽቷል ተባለ። ላፕቶፔን ይዤ ሸማ ተራ፣ አባባ ሱቅ ገባሁ። የጋቢ ክምር ላይ ተቀምጬ በስልኬ ኢንተርኔት ኮድ ለመላክ ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። አንዷ ደንበኛ ዋጋ ተከራክራ ተከራክራ ትታ ሄደች። አባባ መታጠፊያው ላይ እስክትደርስ ዝም ብለው ከዚያ ጠሯት። ተመለሰች፣ ገዛች። ሁሌም እንዲሁ ነው።

ህዳር 10
ወሰዱኝ! ለሥራ ያመለከትኩበት የኳላላምፑር የሶፍትዌር ድርጅት… ቪዛ፣ ትኬት፣ ማረፊያ ቤት ሁሉ በእነሱ። ቢሮ አጠገቤ ለምትቀመጠው ሳምራዊት ብቻ ነገርኳት። እልል ልትል ስትል አፏን ያዝኩ።
ለአባባ ነገ።

ህዳር 11
አልነገርኳቸውም። ምንድን ነው የሚይዘኝ?
እማ ካረፈች ወዲህ ቤቱ ውስጥ ሁለት ነን። እህቴ መሊካ አግብታ ኮምቦልቻ ናት። የአባባን ግራ ዓይን ሞራ ጋርዶታል፣ ቀኙም ደክሟል፣ ቢጫ ጥለትና ወርቃማውን አይለዩም። እኔ ከሄድኩ ማን ይለይላቸዋል? ማንስ አብሯቸው ይበላል? ብቀርስ… መብራት ስጠብቅ ልሸብት? ትምህርት ቤት ኮድ ያስጠናኋቸው ልጆች ዱባይና በርሊን ሆነው "እስካሁን እዚያው ነህ?" ይሉኛል። ያንገበግበኛል።

ህዳር 12፣ ጁምዓ
ከአንዋር መስጊድ ሰግደን ስንመለስ ነገርኳቸው።
"ኳላ… ምን?"
"ማሌዥያ ነው፣ አባባ።"
"የእስላም አገር?"
"አዎ።"
"አልሐምዱሊላህ።" ጥቂት ሄድን። "ስንት ጠሩልህ?"
ደመወዙን ነገርኳቸው። ቆሙ። "እሺ አልካቸው እንዴ?"
"ገና ነኝ።"
"እሰየው! በመጀመሪያ ጥሪ እሺ የሚል የማን ልጅ ነው? ጨምሩ በላቸው።"
ያለቅሳሉ ብዬ ፈርቼ ነበር እኮ። እንደ ነጋዴ መከሩኝ። ደስ ብሎኝ አደርኩ።

ህዳር 15
ጨምሩልኝ ብዬ ጻፍኩ።

ህዳር 17
መልሳቸው መጣ። ይህ የመጨረሻው ነው፣ እስከ ሰኞ መስማማትህን አሳውቀን ይላል። ትህትና ያለው ደብዳቤ ነው። እሺ ብዬ ልመልስ ስል አባባ እጄን ያዙኝ።
"መጨረሻው ነው ያለ ሁሉ መጨረሻው አይደለም። እኔ በቀን ስንቴ ነው መጨረሻው ነው የምለው? ትተህ ሂድ፣ ይጠሩሃል።"
ሳምራዊት ጮኸችብኝ። "ጠሃ፣ አብደሃል? ሰዎቹ እኮ መርካቶ አይደሉም! ሰኞ ካሉ ሰኞ ነው!"
አባባ ግን አርባ ዓመት ነግደዋል። እሷ ምን ታውቃለች?

ህዳር 22
ሰኞ። ቀኑን ሙሉ ስልኬን አየሁ። ሁለቴ "እሺ" ብዬ ጽፌ አጠፋሁት።
አልጠሩኝም።

ህዳር 24
"መልስ ስላልሰጡን ቦታውን ለሌላ አመልካች ሰጥተናል። መልካም ዕድል።"
ወዲያው ጻፍኩላቸው። ይቅርታ ጠየቅኩ፣ ባላችሁት ዋጋ እመጣለሁ አልኩ… ለመንኩ ማለት ይሻላል። አንድ መስመር መለሱልኝ። አዝነናል፣ አልቋል።

ህዳር 26፣ ጁምዓ
ከሰላት በኋላ ሱቅ ገባሁ። አባባ ነጠላ ያጥፋሉ።
"አባባ፣ እንደማይጠሩኝ ያውቁ ነበር?"
ማጠፋቸውን አላቆሙም።
"ሌላ ገዢ በሩ ላይ የቆመለት ነጋዴ የሄደውን አይጠራም" አሉ።
"ታዲያ ለምን?"
"ሂድ ማለት አቃተኝ። አትሂድ ማለት ደግሞ አሳፈረኝ።"
ምናለ አንዴ አትሂድ ቢሉኝ! ምናልባት እቀር ነበር። አኩርፌም ቢሆን እቀር ነበር… "ለመንገደኛ ደንበኛ እንኳን እንዲህ አይዋሹም" ብያቸው ወጣሁ። አትክልት ተራ ድረስ በእግሬ ሄድኩ። እንባዬ መጣ፣ ተሸካሚዎቹ "ዞር በል!" እያሉ ገፉኝ።
እኔስ? የመጨረሻ የሚለውን ቃል ማንበብ አቅቶኝ ነው? ወይስ መቅረቴን ፈልጌ በሳቸው አሳበብኩ? አይደለም… አላውቅም።

ህዳር 30
አብረን እንበላለን። "ጨው አነሰው?" "ደህና ነው።" ይኸው ነው ወሬያችን። የጎረቤት ሱቋ እትዬ ናኢማ "አባትና ልጅ ምን ሆናችሁ?" ስትል ሁለታችንም "ምንም" አልን። አንድ ላይ።

ታህሳስ 9
ባንኮክ ላለ ድርጅት አመለከትኩ። ሱቁ ውስጥ ተቀምጬ ማመልከቻውን ስጽፍ አባባ ሻይ ይዘውልኝ መጡ። ራሳቸው፣ እየዳበሱ። አጠገቤ ተቀመጡ። ስክሪኑን አዩት፣ ግን ለሳቸው ብርሃን ብቻ ነው።
"ምንድን ነው የምትጽፈው?"
"የቢሮ ሥራ ነው።"
ውሸቱ አፌን እንኳን አላደናቀፈኝም።
"ከበድ ያለ ነው?"
"ትንሽ።"
ብርጭቆውን አስቀምጠው ለዱዓ ሁለት እጃቸውን ዘረጉ። ካኮረፍን ወዲህ እንዲህ አድርገውልኝ አያውቁም። "አላህ ያቅናልህ። ደጁን ይክፈትልህ። የለፋህበትን አያሳጣህ" አሉ። እንደታረቅን ነው የመሰላቸው።
"አሚን" አልኩ። ላክ የሚለውንም ተጫንኩ።