በእኔ ቦታ ስለ ተሰመረው ሰረዝ

ለክቡር የሥራ ገበያ ማሻሻያ ኮሚሽነር

ክቡር ሆይ፣ በሪፖርትዎ ገጽ ስልሳ ሁለት ላይ፣ በያራንዱ ወረዳ መስመር፣ እኔ ልቆጠር በሚገባኝ ቦታ ሰረዝ አስምረዋል። ይህን ካልሁ በኋላ ለእርስዎም ለቤተሰብዎም ጤና እመኛለሁ፤ ወገብዎም እንደ እኔ ወገብ እንዳይሆን።

እኔ የበግ መሸለቻ ምላጭ ስዬ የማድር ሰው ነኝ። ያስተማረኝ የለም፤ የመሳያው ድንጋይ ጣቴን እየላጠ አርባ አንድ ዓመት ሙያውን ተማርሁ። የምሠራበት ድርጅት ሲሸጥ አዲሱ ባለቤት፣ ሥራ ብለቅ በሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ዙሪያ ለሁለት ዓመት ለማንም እንዳልስል የሚከለክል ወረቀት አስፈረመኝ። በኋላ ለቀቅሁ። እርስዎ እንዲህ ያለው ወረቀት ሠራተኛን ስለሚያስር፣ ማስረጃ በተገኘበት ሙያ ሁሉ እንዲሻር አደርጋለሁ ባሉ ጊዜ አምኜ ጻፍሁልዎ። ምስጋናዬም እነሆ።

፩. አሥራ አንድ ገጽ በእጄ ጽፌ ብልክልዎ «የአንድ ሰው ታሪክ ማስረጃ አይባልም» ብለው ስለ መለሱልኝ አመሰግናለሁ። በወረዳው ሁለተኛው ምላጭ የሚስል ሰው ኦስካር ትሪግ ባለፈው ክረምት ሞቷልና ቁጥሩን ሊያሟላልዎ ባለመቻሉ ስለ እሱ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

፪. ከሰረዙ ግርጌ «የግለሰቡን ምስጢር ለመጠበቅ ሲባል ቁጥሩ አልታተመም» ብለው ስለ ጻፉ አመሰግናለሁ። በያራንዱ ምላጭ የሚስለው ማን እንደ ሆነ የማያውቅ ውሻ እንኳ የለም፤ የደበቁኝ ወረቀቱን ከሚሽረው ሕግ ብቻ ነው።

፫. ሙያዬ ማስረጃ ያልተገኘለት ተብሎ ወረቀቱ በጸናብኝ ጊዜ፣ የቢሮዎ ሠራተኛ ወደ ምዕራብ ሦስት ሺህ ኪሎ ሜትር ሄጄ እንድስል መክራኛለች። ሰባ ሁለት ዓመቴ ነው። ሪፖርትዎ «የሠራተኛ ዝውውር» የሚለው ይህን መሆኑን አላውቅም ነበር።

ሰኞ ዕለት በጎረቤቴ በሂልዳ ቦክሻል ግቢ ሽለታ ተጀመረ። ምላጩ ከከተማ በመኪና ይመጣል፤ ተስሏል ይባላል። አጥሩን ይዤ ቆሜ ሳለሁ ዳሬል የሚባለው ሸላች አየኝና ጮኸ፦ «አባባ፣ በዚህ ዱልዱም ከምሸልት በጥርሴ ብነጭ ይሻለኛል! ምን ትገተራለህ፣ ግባ እንጂ!»

ሂልዳ ምላጭ የቆረጠውን በግ ቁስል እየሰፋች ቀና እንኳ ሳትል «ተወው ባክህ፣ እሱ የመንግሥት ምስጢር ነው» አለችው። ሁሉም ሳቁ። ሳቁ ሲበርድ ወደ አጥሩ መጣች፤ እጇ ደም በደም ነበር። «ዋሊስ፣ ዘንድሮ እንዲህ ካለቀ በጎቹን እሸጣለሁ» አለችኝ።

በወረዳችን የቀሩት በጎች የእሷ ብቻ ናቸው። ስለዚህ ሁለቱ ዓመት ሲያልቅ ለመሳል ነጻ እሆናለሁ፤ የሚሸለት ግን አይኖርም። አጥሩን አልተሻገርሁም። ፈርሜያለሁ፤ የፈረምሁትን አላፈርስም። ከእርስዎና ከእኔ አንዱ እንኳ ቃሉን ይጠብቅ ብዬ ነው።

ባርኔጣዬን አውልቄ፣ ወገቤ እስከ ፈቀደልኝ ድረስ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሳዎ፣
ያልታተመው አገልጋይዎ
ዋሊስ ፔንግሊ፣ ያራንዱ

ማስታወሻ፦ አጥኚዎችዎ በሚያዝያ አዲስ ማስረጃ ሊሰበስቡ እንደሚመጡ ሰምቻለሁ። ቤቴ አይጠፋቸውም፤ ከፖስታ ሣጥኔ ላይ ስሜን ፍቄ ሰረዝ አስምሬበታለሁ። ሻይ አፈላላቸዋለሁ፣ ስለ ዝናቡም እናወራለን። ስለዚህ ነገር ግን ለእነሱም ሆነ ለሌላ ሰው፣ እስክሞት ድረስ አንዲት ቃል አልናገርም።