አልሐምዱሊላህ ያልሽው ቀን

ውድ መኪያ፣

ስልክሽ ጥሪ አይቀበልም ስላለኝ በወረቀት መጣሁብሽ። ቡልቡላ ድረስ መጥቼም አጣሁሽ። ይህን የምጽፍልሽ ወንድምሽ ሱቅ ደጃፍ ላይ፣ የለስላሳ ሳጥን ላይ ተቀምጬ ነው። እሱ መርካቶ ዕቃ ሊያመጣ ሄዶ ገና አልተመለሰም፤ ልጅሽ ሀጀር ብቻዋን ባንኮኒው ጀርባ ቆማ ምስር ትመዝናለች። እሷን ቀና ብዬ እያየሁ ነው የምጽፈው፤ ጽሑፌ ቢንጋደድ አትፍረጂብኝ።

ተቀይሜሻለሁ። መጀመሪያ ይህን ልንገርሽና ይውጣልኝ። ለሚ ኩራ አንድ ግድግዳ ተጋርተን፣ የልጆቻችንን ሳል እንኳ እየለየን ስንኖር ከርመን፣ ደህና ሁኚ ሳትይኝ ዕቃሽን ጭነሽ ሄድሽ። እንዲህ ይደረጋል? ማልቀስ ቢያምርሽ እኔ ዘንድ ማልቀስ አቃተሽ?

ለምን እንደሄድሽ ግን አላጣሁትም። ሀጀር ክፍል ውስጥ ራሷን ስታ የወደቀች ዕለት ነው የቆረጥሽው። ከማበስልበት ከትምህርት ቤቱ ኩሽና ሮጬ ስደርስ መምህሯ ዮሃና ፊቷን በውሃ ታብሳት ነበር። "ቁርስ በልተሻል?" ስትላት ክፍሉ ሁሉ ሰማ። አንቺም መጥተሽ የሰው ዓይን አየሽ። በማግስቱ ከትምህርት ቤት አስቀረሻትና "ትምህርቱ ከብዷታል" አልሽኝ። ስምንተኛ ክፍል ደርሳ፣ ለሚኒስትሪ እየተዘጋጀች፣ ምኑ ነው የከበዳት? የማበስለው ወጥ የክፍሏ መስኮት ድረስ ይሸታት ነበር፤ የምገባው ተራ ላይ ግን እሷ አልነበረችም። ከራሴ ድርሻ ልሰጣት ስል "በልቻለሁ እትዬ" እያለች ታመልጠኝ ነበር።

ከምገባው ለምን እንደቀረች ያወቅሁት ያለፈው ሳምንት ነው። የመንግሥት ምገባ ትምህርት ቤታችን ሲገባ ለጊዜው ለሁሉም አይበቃም ተብሎ፣ የባሰባቸውን ለመለየት ቤት ለቤት የዞረው ልጅ ትዝ ይልሻል? አብኔዘር የሚባለው። ቢሮው ሄጄ "የመኪያን ልጅ ምን ብትበድልህ ነው የተውካት?" ብዬ ተቆጣሁት።

"እትዬ፣ ምን ላድርግ? ኑሮ እንዴት ነው ብዬ ጠይቄያቸው ነበር" አለኝ። "'አልሐምዱሊላህ፣ ምን ጎድሎብን' አሉኝ። እንዲያውም ሻይ ሳትጠጣ አትወጣም ብለው አስቀመጡኝ።"

ወይ መኪያ። የዚያን ሻይ ስኳር እኮ ከእኔ ነው የወሰድሽው።

ሳቄም እንባዬም አንድ ላይ መጣብኝ። "አንተ ልጅ፣" አልኩት፣ "እናትህ ቤት ተመስገን የሚባለው ሲጠገብ ብቻ ነው?"

እስክሪብቶውን አስቀምጦ "አይደለም፤ እሷም እንደዚያው ናት" አለ። ክፉ ልጅ አይደለም፤ የተነገረውን ነው የያዘው። አሁንም ሊያስገባት ፈቃደኛ ነው። ግን የጎረቤት አፍ አይበቃም፤ እናትየዋ ራሷ ቀርባ መናገር አለባት አለኝ። ከዓርብ ካለፈ ደግሞ እስከሚቀጥለው ዓመት አይሆንም።

ያን ቃል ከአፍሽ ማውጣት እንዴት እንደሚከብድሽ አውቃለሁ። እንግዳ ፊት ቸገረኝ ማለት ለአንቺ ጌታን መክሰስ ነው። ሃይደር ካረፈ ወዲህ ደግሞ ባሏ ሜዳ ላይ ጥሏት ሄደ እንዳይሉብሽ ትሰጊያለሽ፤ የሞተ ባልሽን ስም ትጠብቂያለሽ። እወድሻለሁ ለዚህ። ግን ምገባው ምጽዋት አይደለም። ስጨልፍ ለማንም ልጅ እየራራሁ አልጨልፍም፤ ልጅ ስለሆነ፣ ሊማር ስለመጣ፣ የሚገባው ስለሆነ ነው።

እዚህ ላይ ልጨርስ ነበር። ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ነበርና ቀና ብዬ "ሀጀርዬ፣ ምሳ በላሽ?" አልኳት። ሚዛኑን እየወለወለች ፈገግ አለችልኝ።

"አልሐምዱሊላህ፣ እትዬ።"

በላሁ አላለችም፣ መኪያ። አነጋገሯ ቁርጥ አንቺን፤ ፈገግታዋም ያንቺ። ዳቦው ክንዷ ሥር ተደርድሯል፤ የአጎቴ አማና ነው፣ አደራ ነው ብላ አልነካችውም። ከፍዬ አንስቼ፣ ብቻዬን አይወርድልኝም ብዬ አብረን በላን። እንዴት እንደበላች አልጽፍልሽም፤ እናት ነሽ።

ይህን ወረቀት በእጇ ሰጥቻት ሄጃለሁ። ሀጀርን ይዘሽ ተመለሽ፤ ዓርብ ጠዋት ቢሮው በር ላይ እጠብቅሻለሁ፤ እጅሽን ይዤሽ እገባለሁ። አብኔዘር ኑሮ እንዴት ነው ሲልሽ፣ በሞቴ፣ "ልጄን ርቧታል" በይው። ማመስገኑ አይቀርብንም፤ እሷ ትብላና አንቺም ለአላህሽ እኔም ለእግዚአብሔሬ እናመሰግናለን።

ግድግዳ የምትጋራሽ፣
የሻሽወርቅ