በገዛ ሆዴ ላይ ስላስተማርኩት አልትራሳውንድ

ለተከበሩ የሕክምና ሥልጠና ቁጥጥር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ እንዴት ነው? ቤተሰብዎስ እንደምን ሰነበቱ? እኛ መርሳ ያለነው አልሐምዱሊላህ ተርፈናል። ጦርነቱ ከተማችንን ይዞ በቆየባቸው ወራት ድምፅዎ ስለጠፋብን ተጨንቀን ነበር፤ መንገዱ እንደተከፈተ የክስ ደብዳቤዎ ሲደርሰኝ ግን ደህና መሆንዎን አውቄ እፎይ አልኩ።

እኔ ናጅዋ የተባልኩ ሐኪም ኢዘዲንና እየሩሳሌም የተባሉ ሁለት የሕክምና ተማሪዎችን ያለ ፈቃድ አልትራሳውንድ ማስተማሬን ደርሰውበታል፤ የተማሩትም እንደማይቆጠርላቸው ወስነዋል። ትጋትዎን እያመሰገንኩ መልሴን በክስዎ ቅደም ተከተል አቀርባለሁ።

፩. «ባልተፈቀደ ቦታ»፦ እውነት ነው። ጤና ጣቢያው ተዘርፎ በሩ እንኳን ስላልቀረ ሳሎኔ ውስጥ አስተማርኩ። በእጅ የምትያዘውን የአልትራሳውንድ መሣሪያ ቤት ለቤት የሚፈትሹ ታጣቂዎች በመጡ ቁጥር በሕፃን ልብስ ጠቅልዬ እደብቃት ነበር። ሆድ ላይ የሚቀባው ቅባት ሲያልቅብን የበቆሎ ዱቄት በውኃ አብስለን ተጠቀምን። ናሙናውን ስላልላክሁልዎ ይቅርታ።

፪. «ፈቃደኝነቷ ባልተረጋገጠ ታካሚ ላይ»፦ ታካሚዋ እኔ ነበርኩ። እርጉዝ ስለነበርኩ ሆዴን ገልጬ ተኛሁላቸው። ኢዘዲን አፍሮ ፊቱን ሲያዞር፣ «ግድግዳው አላረገዘም፤ ወደዚህ ዙር» አልኩት። እየሩሳሌም የልጄን ልብ ሲመታ ያየች ዕለት አለቀሰች።

፫. «ሐኪም ሳይቆጣጠር»፦ ይህ እንኳን ከባድ ነው። እኔ ጓዳ ምጥ ይዞኝ ሳለ ኢብቲሳም የምትባል እርጉዝ ከሀብሩ ገጠር በቃሬዛ መጣች፤ ደም ይፈሳታል። አብሮን የቀረው፣ አልትራሳውንድ ማንበብ ግን የማያውቀው የቀዶ ሕክምና ሐኪም ዓለምነህ፣ እየሩሳሌም መርምራት ስትጨርስ የጠየቃት እስከ ጓዳ ይሰማኝ ነበር።

«ያለችኝ ማደንዘዣ ለአንድ ሰው ብቻ ናት። እርግጠኛ ነሽ?»

«እርግጠኛ ነኝ። የእንግዴ ልጁ የማሕፀኑን አፍ ዘግቶታል። በምጥ ትውለድ ካልን ትሞትብናለች።»

ተነሥቼ ልይላት ብሞክር ምጡ መልሶ አስተኛኝ፤ በሕይወቴ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። ዓለምነህ እየሩሳሌምን አመናት፤ ኢብቲሳምን የምግብ ጠረጴዛዬ ላይ ቀዶ አዋለዳት፤ ምርመራውም ልክ ነበር። የኢብቲሳም ልጅ ሲያለቅስ ሰማሁ፤ የእኔዋም ሳትዘገይ መጣች። ኢብቲሳም ዛሬ ደህና ናት።

እንግዲህ ክቡርነትዎ ይህ ምርመራ «እንዳልተደረገ ይቆጠራል» ብለዋል። እባክዎ ይህንኑ ለኢብቲሳም ራስዎ ያስረዱልኝ፤ እኔ አፌን ሞልቼ ልነግራት አልቻልኩም። እንድፈርም የላኩልኝን የጥፋት ማመኛ አልፈርምም። ሁለቱ ልጆች የተማሩት እስኪቆጠርላቸው ድረስም በሄዱበት ቢሮ ሁሉ አብሬያቸው እቆማለሁ። ከሰኞ ጀምሮ ደግሞ ወልድያ ላይ ሌሎች ተማሪዎች ይጠብቁኛል፤ አስተምራቸዋለሁ።

ከእጅግ ከፍ ካለ አክብሮት ጋር፣ ትእዛዝዎን ለመፈጸም ፈጽሞ ያልተዘጋጀሁት፣
ዶክተር ናጅዋ፣ ከመርሳ

ማስታወሻ፦ ትምህርቱን በአካል ተገኝተው መዝጋት ከፈለጉ መንገዱ ሰላም ነው። ተኩሱ ሲቀርብ ከሁሉ ቀድመው በመኪና የወጡበት ስለሆነ አይጠፋዎትም።