ነጭ የተቀባው ግድግዳ

ሰኞ

ዛሬም ግድግዳው ላይ ስስል አቶ ፍሥሐ ከኋላዬ ቆሞ ነዘነዘኝ። የቤተ ክርስቲያናችን ኮሚቴ ሊቀ መንበር ነው። ፒዮሪያ ስትሪት ላይ የነበረውን አሮጌ ምንጣፍ መሸጫ ቤተ ክርስቲያን እንዲሆን የለፋው እሱ ነው፤ ይህን አልክድም። ሥዕል ግን አይገባውም። በዕድሜ ስለሚበልጠኝ ፊት ለፊት እርስዎ እለዋለሁ። እዚህ ደብተር ላይ አንተ ነው።

«እመቤታችንን ለምን አኮሳተርሻት?»

አልተኮሳተረችም አልኩት። ቢዛንታይኖች፣ የጥንቶቹ የቁስጥንጥንያ ግሪኮች፣ ሰውን አስመስሎ መሳል አቅቷቸው አይደለም፤ ከሮማውያን ወርሰው ያውቁበት ነበር። ትተውት ነው። ዐይኑን አተለቁ፣ ጥላውን ቀነሱ፣ ከኋላ ወርቅ አደረጉ፤ ብርሃኑ ከሰማይ እንጂ በመስኮት የሚገባ አይደለማ። የእኛ ሰዓሊዎችም ከዚያ የተቀበሉትን የራሳቸው አደረጉት።

«እኛ ግሪክ አይደለንም» ብሎኝ ሄደ። እሱ የሚፈልገው የታተመ ፖስተር ነው። ጉንጯ ቀይ፣ ጸጉሯ ቢጫ!

ማክሰኞ

ዳውንታውን፣ የጥርስ ክሊኒኩ ሪሴፕሽን ላይ ተቀምጬ፣ ለፍሥሐ መመለስ የነበረብኝን ሁሉ በልቤ ስመልስ ዋልኩ። አንዷ ታካሚ ስሟን ደጋግማ ነገረችኝ። ከሥራ በኋላ ቤተ ክርስቲያን ሄጄ እመቤታችን ሕፃኑን ያቀፈችበትን እጅ ጨረስኩ። ያምራል። እኔው ልበለው።

ረቡዕ

ነጭ። ግድግዳው በሙሉ ነጭ።

ፓርክ አድርጌ በጎን በር ስገባ የቀለም ሽታ ተቀበለኝ። የስንት ወር ልፋቴ ላይ ሮለር አልፎበታል።  መኪናዬ ውስጥ ተመልሼ ጮኼ አለቀስኩ።

ቁስጥንጥንያ ላይ ነገሥታቱ ሥዕል ይጥፋ ብለው አዘው፣ ሰዉ ከመቶ ዓመት በላይ ሲባላበት ኖሯል። ሥዕሉን ፍቀው መስቀል ብቻ የተዉበት ቦታ አለ። ተማሪ ሳለሁ ሳነበው እንደ ተረት ነበር። እነዚያ ሰዓሊዎችም አንድ ቀን ገብተው እንዲህ ደርቀው ቆመው ይሆን?

ለልጄ ለሊያ ስነግራት «ማም፣ ጀስት ፔይንት ኢት አጌን» አለችኝ፣ እንደገና መሳል ቀላል ይመስል። እሷንም ጠላኋት፣ እስከ እራት ድረስ።

ሐሙስ

አስተዳዳሪያችን ቀሲስ እኔንና ግድግዳውን ያስቀባውን ፍሥሐን አስጠሩን።

«እርስዎ ፈቅደው ነው አባ?» አልኳቸው።

«እኔም እንዳንቺው ገብቼ ነው ያየሁት» አሉና ፍሥሐን ገላመጡት።

እሱ እቴ፣ መች አፍሮ! «ልጆቹ ፈሩ። እሁድ የልጅ ልጄ የእመቤታችንን ፊት አይታ እያለቀሰች ወጣች።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«ልነግርሽ አልነበር የመጣሁት? ስለ ግሪክ ሌክቸር አደረግሽኝ እንጂ!»

እውነቱን ነው። ለዚህ ደግሞ የባሰ ጠላሁት። ቀሲስ ሥዕሉ እንደገና ይሳላል፣ ከሰዓሊዋ በቀር ማንም ግድግዳውን እንዳይነካ ብለው ቆረጡ። ይቅር ተባባሉ ሲሉን እሱ በሩን አየ፣ እኔ ግድግዳውን።

ዓርብ

መጽሐፎቼን አወጣሁ። ቁስጥንጥንያ ላይ ሥዕል እንደገና ከተፈቀደ በኋላ ሰዓሊዎቹ የድሮውን ብቻ እየደገሙ አልኖሩም። ውሎ አድሮ እናትየዋ አንገቷን ዘንበል አደረገች፣ ሕፃኑ ጉንጩን ጉንጯ ላይ አሳረፈ፣ ፊቷ ላይ ኀዘን ገባ። ወርቁም አለ፣ ትልቁ ዐይንም አለ። ግን ቀረብ ትላለች።

እንዲህ ብስላት ፍሥሐ አሸነፍኳት ብሎ ያወራል። ያውራ? አያውራ! እንጃ። ደግሞስ የዚያች ልጅ ልቅሶ ከሐሙስ ጀምሮ ጆሮዬ ላይ ነው፣ ሳልሰማው።

ቅዳሜ

በከሰል ነድፌ ጨረስኩ። ጉንጭ ለጉንጭ።

ቀሲስ ቁልፉን ቀይረው ለእኔ ስለሰጡኝ ፍሥሐ ማንኳኳት ነበረበት። አውቄ አቆየሁት። ገብቶ ንድፉን ለረጅም ጊዜ አየ። ይቅርታ አልጠየቀም።

«ነገ የልጅ ልጄን አመጣታለሁ» አለ። «ደግሞ ካለቀሰችስ?»

«አላውቅም።»

 ከዚያ ለነገ ቅዳሴ አግዳሚ ወንበሮቹን መደርደር ጀመረ። አንዱን ብቻውን ሲጎትት ወገቡን ያዘው። ዝም ብዬ ላየው ፈልጌ ነበር። ሄጄ በሌላው ጫፍ ያዝኩለት። «ቀስ» አለኝ ተቆጥቶ፣ ወለሉን እንዳንፍቀው። ቀስ አልኩ።