መሬት ሊከዳ ሲል ቀድመው ያዩት ወይዘሮ ሙሉመቤት ካሳይ

ወይዘሮ ሙሉመቤት ካሳይ ከአባታቸው ከአቶ ካሳይ አብርሃ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ብርነሽ ተድላ ሚያዝያ 13 ቀን 1960 ዓ.ም. በአዲስ አበባ፣ ካዛንቺስ ተወለዱ። በሰፈራቸው ትምህርት ቤት ተምረው በ1978 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ሲገቡ ጂኦሎጂን መረጡ። አባታቸው «ድንጋይ ተምረሽ ማን ሊቀጥርሽ ነው?» ቢሏቸውም ሐሳባቸውን አልቀየሩም።

በ1982 ዓ.ም. ተመርቀው በመንግሥት መሥሪያ ቤት ተቀጠሩ። በ1987 ዓ.ም. ከአቶ አስገዶም ገብሩ ጋር ትዳር መሥርተው ፍሬሰላምን እና ሔኖክን ወለዱ። ልጆቻቸው ገና ሕፃናት ሳሉ ባገኙት የትምህርት ዕድል ኔዘርላንድስ ሄደው የሳተላይት ምስል ንባብ አጠኑ። ሲመለሱም ከውጭ አገር ባለሙያዎች ጋር በትብብር በሚሠራ ፕሮጀክት፣ የመሬት መንሸራተትን በሳተላይት የሚከታተለውን ክፍል መሩ።

በ2010 ዓ.ም. ክረምት ሲገባ፣ ጋራ ሥር ከምትባል መንደር በላይ ያለው ተዳፋት ቀስ እያለ እየወረደ መሆኑን ምስሉ አሳያቸው። የውጭ ባልደረቦቻቸው ሌላ ምስል እስኪመጣ እንጠብቅ አሉ። እሳቸው ግን «ምስሉ ቢሳሳት እኔ እሰደባለሁ፤ ልክ ከሆነስ?» ብለው በዝናብ ተነሥተው ሄዱ። ሽማግሌዎቹ የአባቶቻችንን መቃብር ትተን ወዴት እንሄዳለን ብለው እምቢ አሏቸው። እሳቸው ግን በየቤቱ እየገቡ ለመኑ፤ አለቀሱም። በመጨረሻ ሕዝቡ ማዶ ወዳለው ትምህርት ቤት ተሻገረ። ነሐሴ ላይ ጋራው ተንዶ መንደሩን ዋጠው። ጥጃቸውን ሊፈቱ ከተመለሱት ከአባ ተከስተ በቀር ሁሉም ተረፈ። ሰው ሲያመሰግናቸው ወይዘሮ ሙሉመቤት «እኚያን ሽማግሌ እጃቸውን ይዤ ማስቀረት ነበረብኝ» ይሉ ነበር። ይህ ሐዘን እስከ መጨረሻው አልለቀቃቸውም።

በ2017 ዓ.ም. ካዛንቺስ ለልማት ሲፈርስ ከቤተሰባቸውና ከአረጋዊት እናታቸው ጋር ጎተራ ኮንዶሚኒየም ገቡ። ጎረቤቱ ቢበተንም ኡራኤል ከሚሰበሰበው ዕድራቸው ቀርተው አያውቁም። በዚያው ዓመት የጉበት ካንሰር ተገኘባቸው። እናታቸው እንዳይደነግጡም «ጨጓራዬ ነው እማዬ፣ ይተወኛል» እያሉ ሕመሙን ለብቻቸው ቻሉት።

ወይዘሮ ሙሉመቤት በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ጥር 24 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በ57 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም አረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ አንድ ወንድማቸውንና ወላጅ እናታቸውን ትተውልን ሄደዋል። ወይዘሮ ብርነሽ መርዶውን የሰሙት ዛሬ ማለዳ ነው፤ አሁንም «ጨጓራ ሰው ይገድላል እንዴ?» እያሉ ይጠይቁናል።

የእህታችንን ነፍስ መድኃኔ ዓለም በደጋጎቹ ማደሪያ ያኑርልን። መልስ ላጣንላቸው እናታችን መጽናናቱን እሱ ይስጥልን።